ሽፍታው ማን ነው?
ሳሙኤል ቤከር ስለ መክ ኒምርና ስለ መተማ ቈላ የጻፈውን መመርመር

በመተማ፥ በቋራና በአርማጭሆ ቈላ ስለ ነበረው ያለፈ ኑሮ ለመመርመር የሚነሣ ተማሪ፥ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው የጻፉትን በብዛት ስለማያገኝ፥ ወዶም ሆነ ተገዶ ወደ ውጭ አገር መንገደኞች መጻሕፍት መመለሱ አይቀርም። ከነዚህም መካከል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1867 ያሳተመው፥ ከኢትዮጵያ ስለሚፈልቁ የዐባይ ገባሮችና በሰይፍ ዝሆን ስለሚያድኑ የሐምራን ዐረቦች የሚናገረው መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተመለከተ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ ለማንበብ ደስ የሚያሰኝ ነው። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ለመልመድ ከምናነባቸው መጻሕፍት መካከል የመንገደኞችና የአዳኞች ታሪክ የበዛ ስለ ነበረ፥ ይህን የመሰለውን አጻጻፍ ገና በልጅነታችን ወድደነዋል። ነገር ግን ደስ የሚያሰኝ መጽሐፍ ሁሉ ታማኝ ምስክር ነው ማለት አይደለም። በተለይ ቤከር በቱርክ አገዛዝ ሥር ስለ ነበሩት የዐረብ ነገዶች መቃቃርና ደም መፋሰስ፥ ከነሱም መካከል በኢትዮጵያ ጠረፍ ተጠግተው ይኖሩ ስለ ነበሩት ስለ መክ ኒምር ወገኖች የሰጠው ፍርድ ከእርሱ በኋላ በመጡ ጸሐፊዎች ሳይመረመር እየተደጋገመ መጥቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ነው። ቤከር ምን አለ? ያለውን ከማን ሰማ? ሳይናገር ያለፈውስ ምንድን ነው?

የመጽሐፉ ይዘት

ቤከር ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋራ በአፕሪል 1861 ከካይሮ ተነሥቶ፥ በዐባይ ሽቅብ ከወጣ በኋላ የአትባራን ወንዝ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ አቀና። አትባራ እኛ ጓንግ የምንለው ወንዝ ነው። ደራሲው በደረሰበት ጊዜ ወንዙ ደርቆ፥ አሸዋውና ጥቂት ኩሬዎች ብቻ ቀርተው ነበር። በጁን ወር በአንዲት ሌሊት ግን የደጋው ዝናብ ውሃ እንደ ነጐድጓድ እያስገመገመ ደርሶ፥ ደረቁ ምድር ሲነጋ ታላቅ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። ቤከር ይህን በዓይኑ አይቶ፥ ግብፅን የሚያጠግበው የዐባይ ሙላትና ደለል ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርድ መሆኑን በሰፊው አስረድቷል። ይህ የመጽሐፉ ክፍል እስከ ዛሬ ድረስ ዋጋውን ያላጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ደራሲው በሰቲት ወንዝ አካባቢ ከሐምራን ዐረቦች ጋራ ከረመ። እነዚህ ሰዎች በፈረስ ሆነው ዝሆንን እየተከተሉ፥ የኋላ እግሩን ጅማት በሰይፍ እየቈረጡ የሚጥሉ ናቸው። ቀጥሎም በአንገረብ ወንዝ በኩል የመክ ኒምርን ልጅ አገር አቋርጦ ወደ መተማ ወረደ፤ የመተማንም ገበያና የተክሩሪዎችን ኑሮ ተመልክቶ፥ በረሀድና በዲንደር በኩል አልፎ በጁን 1862 ካርቱም ገባ።

በዚህ ሁሉ መንገድ ውስጥ መክ ኒምር የሚለው ስም ገና ከመጀመሪያው እንደ ማስፈራሪያ ይነሣል። ደራሲው ገና ወደ አገሩ ሳይደርስ፥ ይህ የጠረፍ ሹም ከብት የሚነዳ፥ መንደር የሚያቃጥል፥ ሰላማዊውን ዐረብ የማያስተኛ ቀማኛ ነው እያለ አንባቢውን ያዘጋጃል። በደረሰ ጊዜ ግን የሆነው ሌላ ነው። የመክ ኒምር ልጅ እንግዳውን በሰላም ተቀብሎ፥ ስጦታም ተለዋውጠው፥ በሰላም አሳልፎታል። ደራሲው ስለዚህ ነገር ጥቂት ከመገረም በቀር፥ አስቀድሞ የሰጠውን ፍርድ እንደ ገና ለመመርመር አልተነሣም። ትችታችን የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

መክ ኒምር ማን ነበር?

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ የዚህን ሰው ነገር ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል። መክ ማለት በሱዳን በፉንጅ ሥር የነበሩ ትንንሽ ነገሥታት የሚጠሩበት ማዕርግ ነው። ኒምርም በዐረብኛ ነብር ማለት ሲሆን፥ በግእዝ ነምር ከምንለው ቃል ጋራ አንድ ነው። መክ ኒምር የጀዐሊን ነገድ አለቃ ሆኖ በዐባይ ምሥራቃዊ ዳር በሸንዲ ከተማ ይገዛ ነበር። ከወንዙ ማዶ በምዕራቡ ዳር ደግሞ መተማ የምትባል ሌላ ከተማ ነበረች። ይህች የዐባይ ዳር መተማ ከእኛዋ መተማ ጋራ በስም ብቻ ትመሳሰላለች። ብዙ አንባቢዎች፥ አንዳንድ ጊዜም ጸሐፊዎች፥ ሁለቱን ስለሚያደባልቁ ይህን አስቀድሞ ማስታወስ ይገባል። በዚያችኛዋ መተማ የሚገዛው መክ ሙሳዓድም የጀዐሊን ወገን ሆኖ የኒምር ተቀናቃኝ ነበር። እንግዲህ ቱርክ ሳይመጣም ቢሆን የአንድ ነገድ ሰዎች በወንዝ ተከፍለው ይቃቃሩ እንደ ነበረ መካድ አይገባም።

ሆኖም ኒምር በዚያን ጊዜ ቀማኛ አልነበረም። ስዊሳዊው መንገደኛ ቡርክሃርት በ1814 ሸንዲን አይቶ ጽፏል። በእርሱ መጽሐፍ የምናገኛት ሸንዲ ከግብፅ፥ ከሰናር፥ ከሱዋኪንና ከምዕራብ የሚመጡ ቅፍለቶች የሚገናኙባት ትልቅ የንግድ ከተማ ናት። በገበያዋ ከሚሸጠው ዕቃ መካከል ባሪያዎች እንደ ነበሩበትም መሸሸግ አይገባም። ይሁን እንጂ የገበያ ጌታ የሆነ ሰው የመንገድን ሰላም የሚወድ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ምክንያቱም ገቢው የሚመጣው ከሰላማዊ መንገድ ነውና።

የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ልጁን እስማኤል ፓሻን ሠራዊት አስይዞ በ1820 ወደ ሱዳን ላከ። የሻይጊያ ነገድ በኮርቲ ላይ ተዋግቶ ድል ከሆነ በኋላ ለአሸናፊው ገባ፤ ፈረሰኞቹም የቱርክ ረዳት ወታደሮች ሆኑ። ኒምርና ሙሳዓድ ግን በ1821 ሳይዋጉ ገበሩ። በ1822 መጨረሻ ላይ እስማኤል ከደቡብ ሲመለስ ሸንዲ ላይ ሰፍሮ፥ ሊከፈል የማይችል ብዙ ገንዘብና ባሪያ በጥቂት ቀን ውስጥ እንዲቀርብለት አዘዘ። ኒምር አይቻልም ቢለው በፒፓው ፊቱን መታው ይባላል። በዚያችው ሌሊት የእስማኤል ማደሪያ ተቃጠለ፤ እርሱም ከነባልደረቦቹ በእሳት ሞተ። ከዚህ በኋላ የእስማኤል እኅት ባል ደፍተርዳር መሐመድ ቤይ ከኮርዶፋን መጥቶ፥ ጥፋተኛውን ከንጹሑ ሳይለይ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሰው ፈጀ፤ ሸንዲንና የዐባይ ዳሯን መተማንም አጠፋ። ኒምር ከተረፉት ወገኖቹ ጋራ በቡጣና ሜዳ አቋርጦ እየተዋጋ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ሸሸ። እርሱም ከዚያ በኋላ ልጁም በሰቲትና በአንገረብ አካባቢ መሠረቱ።

ቤከር የእስማኤልን መቃጠል በመጽሐፉ ውስጥ ይተርካል። ነገር ግን ትረካውን እንደ ጀብዱ ታሪክ ተርኮ ያልፈዋል እንጂ፥ ከአርባ ዓመት በኋላ በጠረፍ ላይ ላየው ጠብ ሥሩ ይኸው መሆኑን አያመለክትም።

የምስክሩ ነገር

በፍርድ ቤት ምስክር ሲቀርብ አስቀድሞ የሚጠየቀው ከባለጉዳዩ ጋራ ያለው ዝምድናና ጠብ ነው። ታሪክንም ስንመረምር እንዲሁ ማድረግ ይገባናል። ቤከር ወደዚያ አገር የገባው የግብፅን መንግሥት ደብዳቤ ይዞ ነው። በክብር የተቀበለው የሹክሪያ ነገድ አለቃ ሼክ አሕመድ አቡ ሲን ነው። ደራሲው እኒህን ሽማግሌ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸው እንኳ በግመል ላይ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ባለግርማ ሰው አድርጎ በታላቅ አድናቆት ሥሏቸዋል። አድናቆቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አቡ ሲን የቤይ ማዕርግ አግኝተው የካርቱም አውራጃ ገዥ እስከ መሆን የደረሱ፥ የመንግሥት ወዳጅ ነበሩ። ወገኖቻቸውም የሚያሰማሩበት አገር የመክ ኒምር ሰዎች ከሚዘምቱበት አገር ጋራ የተያያዘ ነው። የመንገድ መሪዎቹ የሐምራን አዳኞችም ከመክ ኒምር ሰዎች ጋራ የሚፈራሩ ጐረቤቶች ነበሩ።

እንግዲህ ደራሲው ስለ መክ ኒምር የሰማው ሁሉ ከባላጋራው አፍ የተሰማ ነው። የሹክሪያው ሼክ ስለ ጀዐሊን ስደተኛ የሚናገረውን እንደ ማስረጃ መቀበል፥ ወሰን የተጋፉ ሁለት ባላገሮች ሲካሰሱ የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቶ እንደ መፍረድ ያለ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሌላው ተከሳሽ በአጠገቡ ተቀምጦ ሳለ አለመጠየቁ ነው። ቤከር ከመክ ኒምር ልጅ ጋራ በተገናኘ ጊዜ፥ አባትህ ለምን ወደዚህ መጣ? መሬታችሁን ማን ያዘው? ወደ ሸንዲ ለመመለስ ትወዳለህን? ብሎ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ በእጃችን ዋጋው የማይገመት ምስክርነት በተገኘ ነበር። እርሱ ግን የጻፈልን ስለ ሰውየው መልክና አቀማመጥ፥ ስለ ስጦታውም ልውውጥ ነው።

ከቤከር ይልቅ የሰናርን ዜና መዋዕል በዐረብኛ የጻፈው ሰው በዚህ ረገድ ይበልጣል። ይህ ጸሐፊ በቱርክ መንግሥት ጎተራ የእህል ጸሐፊ ሆኖ የሚኖር፥ እንጀራውን ከቱርክ እጅ የሚበላ ነበር። ሆኖም የደፍተርዳሩን ግፍ ጽፎታል። የመንግሥት ቅጥር የሆነው የአገር ተወላጅ ያየውን መከራ ሲጽፍ፥ ነጻ መንገደኛ የሆነው እንግሊዛዊ መነሻውን ሳይጠይቅ ማለፉ አሳብ የሚያስገባ ነገር ነው።

ደራሲው በእጁ ይዞ ያላሰረው ገመድ

ቤከር የቱርክ ወዳጅ ነበር ብለን እንደማንከሰው ማስታወቅ ይገባናል። እንዲያውም ስለ ግብፅ ሹማምንት በሱዳን ስለሚሠሩት ግፍ በመራራ ቃል ጽፏል። ግብር ሰብሳቢዎች ከወታደር ጋራ እየመጡ ገበሬውን እንደሚገፉት፥ ሰው እርሻውን እየተወ እንደሚሸሽ በየምዕራፉ ያሳያል። ይህን ሲናገር ድፍረቱን እናመሰግናለን።

ነገር ግን መጽሐፉ ከራሱ ጋራ የሚጣላው በዚህ ላይ ነው። በአንድ ምዕራፍ ግብር ሰውን ያሰድዳል ይላል። በሌላ ምዕራፍ ደግሞ የተሰደደውን ሰው ሲያገኘው፥ ዐረብ በተፈጥሮው ዝርፊያና ጠብ የሚወድ ነው ይላል። ሁለቱን የገመድ ጫፎች በሁለት እጁ ይዞ ሳለ አላሰራቸውም። ብናስራቸው የምናገኘው መልስ ይህ ነው። የነገዶቹ ቅናት ዱሮም ነበረ፤ የቅኝ አገዛዙ ግን ያን ቅናት ወደማይበርድ ደም መላሽነት ለወጠው። ይህንም ያደረገው በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛው የመሬት ነገር ነው። ጀዐሊኖች ሲሸሹ ትተውት ከሄዱት የወንዝ ዳር መሬት ለሻይጊያ ወታደሮች ተሰጠ። አንድ ሰው ወንድሙ በሌለበት ርስቱን ይዞ ቢገኝ፥ የተመለሰው ባለርስት ጠቡ ከቱርክ ጋራ መሆኑ ቀርቶ ከያዘው ሰው ጋራ ይሆናል። በርስት ምክንያት የሚነሣ ጠብ ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ቱርክ መሬቱን በሰጠ ጊዜ ጠቡንም አብሮ ሰጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው የሹመት ነገር ነው። የሻይጊያ ፈረሰኞች በደመወዝ ገብተው ከሌሎች ነገዶች ግብር የሚሰበስቡ ሆኑ። እንደ አቡ ሲን ያሉ ሼኮች ደግሞ በመንግሥት ታውቀው በሌሎች ዘላኖች ላይ የበላይነት አገኙ። ከዚያ በፊት አንድ አለቃ የሚከበረው በወገኑ ብዛት፥ በደግነቱና በአስታራቂነቱ ነበር። አሁን ግን ከካርቱም በሚሰጥ ካባና ማኅተም ሆነ። ያልተሾመውም ከተሾመው ጋራ ለመወዳደር ያለው መንገድ ወይ ራሱ ለመንግሥት መገዛት፥ ወይም ወደ ጠረፍ መሸሽ ነው።

ሦስተኛው የጅምላ ቅጣት ነው። ደፍተርዳሩ የአንድ መክ በደል በነገዱ ሁሉ ላይ ፈረደ። ነገድ በጅምላ የተቀጣ እንደ ሆነ በጅምላ ለመበቀል ይነሣል። ስለዚህ የመክ ኒምር ሰዎች ወደ ሱዳን በዘመቱ ጊዜ የነዱት የፓሻውን ከብት ሳይሆን ባገኙት መንደር ያለውን የዐረብ ገበሬና ዘላን ከብት ነው። ይህ በደል ነው፤ በደልነቱንም አንክድም። ነገር ግን በደሉ የተማረበትን ትምህርት ቤት መርሳት አይገባም።

ለዚህ ክርክራችን አንድ ጥሩ ማስረጃ አለ። ከ1826 ጀምሮ ሱዳንን የገዛው ዓሊ ኹርሺድ ካለፉት ሹማምንት ይልቅ ብልኅ ነበረና፥ ለሸሹት ምሕረት አውጆ ግብሩንም አቃለለ። ያን ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ከሸሹት ብዙዎቹ ተመልሰው እርሻቸውን ያዙ። ቤከር እንደሚለው ዝርፊያ በደማቸው ውስጥ ያለ ቢሆን ኖሮ፥ አንድ አዋጅ ስለ ተነገረ ወደ ሞፈርና ቀንበር ባልተመለሱ ነበር። መክ ኒምር ራሱ አለመመለሱም አያስደንቅም፤ የፓሻውን ልጅ ያቃጠለ ሰው በአዋጅ አይታመንምና።

በመጽሐፉ ውስጥ ድምፃቸው የማይሰማው

ቤከር የመተማን ተክሩሪዎች በመልካም ያነሣቸዋል። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው አገር ለመካ ጉዞ ወጥተው፥ ሲመለሱ አገሩ ለም ሆኖ ስላገኙት የቀሩ፥ ጥጥና ማሽላ የሚያርሱ፥ በራሳቸው ሼክ የሚተዳደሩ ታታሪ ሰዎች መሆናቸውን ጽፏል። ከጎንደር በኩል ቡና፥ ሰምና ቆዳ፥ ከሱዳን በኩል ጨርቅና ልዩ ልዩ ዕቃ የሚለዋወጥበትን ገበያም ገልጾታል። ያልገለጸው የእነዚህን ሰዎች ጭንቀት ነው። በዚያ ዘመን የመተማው ሼክ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብር ነበር። አንድ ጎጆ ሁለት ግብር የሚከፍለው ሁለት ጌታ ስለሚወድ አይደለም፤ ከሁለት በኩል እንዳይቃጠል ነው። በሁለት መንግሥታትና በብዙ ነገዶች መካከል ሆኖ ገበያን ክፍት አድርጎ ለመኖር የሚጠይቀው ጥበብ ከዝሆን አደን የሚያንስ አይመስለኝም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን የዝሆኑን ያህል ቦታ አላገኘም።

ከነዚህም ይልቅ ድምፃቸው ያልተሰማው ጉሙዞች ናቸው። ከቋራና ከመተማ ቈላ ጀምሮ ወደ ደቡብ የሚኖረው ይህ ሕዝብ ከደጋም ከሱዳንም በሚመጣ የባሪያ ፈንጋይ ሲታደን ኖሯል። ቤከር በመተማ የባሪያ ገበያ አይቶ በሐዘን ጽፏል።  በዚህ ነገር የእኛም እጅ ንጹሕ እንዳልነበረ መናገር ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ሌላውን በአድልዎ የሚከስስ ራሱ ማድላት የለበትም።

የኢትዮጵያ ባላባቶችም መክ ኒምርን ያስጠጉት ለእንግዳ ካላቸው ርኅራኄ ብቻ የተነሣ አልነበረም። በጠረፍ ላይ የቱርክ ጠላት የሆነ ሕዝብ መስፈሩ እንደ አጥር ይጠቅማል። ዘመኑ የጠረፍ ጦርነት ዘመን ነበር። በ1837 ደጃዝማች ክንፉ በወድ ከልታቡ የግብፅን ጦር ድል አደረጉ። በ1848 ደግሞ የቋራው ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ በደባርቂ የግብፅን ምሽግ ገጥመው በመድፍ ተመለሱ። እንግዲህ ስደተኛው የጠረፍ ዘበኛም ነበር። በአጸፋው የሚመጣውን እሳት የሚቀበለው ግን የቈላው መንደር ነው። ቤከር የቱርክ ወታደሮች የመክ ኒምርን መንደሮች ማቃጠላቸውን ይናገራል፤ ያንን ግን ዝርፊያ ብሎ አይጠራውም። ደንብ ልብስ የለበሰ ሲያቃጥል ቅጣት፥ ያልለበሰ ሲያቃጥል ሽፍትነት የሚባልበትን ምክንያት ደራሲው አላስረዳንም።

ወደ ሌላው ጽንፍ እንዳንወድቅ

ቤከርን የተቃወመ ሁሉ ግን እውነትን አገኘ ማለት አይደለም። በሱዳን መክ ኒምር በባዕድ ላይ ለተነሣ አርበኛነት ምሳሌ ተደርጎ ይወደሳል። ለውርደት ያልተንበረከከ ሰው መሆኑ አይካድም። ነገር ግን አርበኛው በመጀመሪያ የገበረ ሰው ነበር፤ የተነሣውም ስለ ሱዳን ነጻነት ሳይሆን ስለ ራሱና ስለ ወገኑ ክብር ነው። ከተነሣም በኋላ ሻይጊያን፥ ሹክሪያንና ጀዐሊንን ባንድ ለማስተባበር አልቻለም። ይህን ማለት ክብሩን መቀነስ አይደለም። ሽፍታ የሚለውን ስም አንሥቶ አርበኛ የሚለውን መለጠፍ፥ የአንዱን መንገደኛ ፍርድ በሌላ ፍርድ መለወጥ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም።

ሌላም ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። ጠቡን ያከፋው የቱርክ አገዛዝ ከሆነ፥ ቱርክ ከሄደ በኋላ ለምን አልቀረም? ተብለን ብንጠየቅ፥ ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1885 ካርቱም በማህዲስቶች እጅ ገባ። በዚያው ዓመት የመተማው የግብፅ ጦር፥ በ1884 በዐድዋ በተፈረመው ውል መሠረት፥ በኢትዮጵያ ረዳትነት ወጣ። ከዚያም ወዲህ ደም መፋሰሱ እንዲያውም ባሰ። የተክሩሪው ሼክ ሳሊሕ ሻንጋ ለማህዲስቶች አልገዛም ብሎ ወደ ኢትዮጵያ ወገን ሆነ። በጃንዋሪ 1887 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የመተማውን አሚር መሐመድ ወድ አርባብን ድል አድርገው ገደሉት፤ በጃንዋሪ 1888 ደግሞ አቡ አንጃ ንጉሡን በሳር ውሃ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። በማህዲስቶች ሰፈር ውስጥም እርስ በርስ መጠፋፋት ነበር። በመተማ እኔ ነቢዩ ዒሳ ነኝ የሚል ሰው ተነሥቶ አንዳንድ አሚሮች ስለ ተከተሉት አቡ አንጃ አስገደላቸው። ዐፄ ዮሐንስ በቈሰሉበት፥ በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው የመተማ ጦርነት የማህዲስቶች አዛዥ የነበረው ዘኪ ተማል እንኳ በ1893 በኦምዱርማን ታስሮ በረኃብ ሞተ። የማህዲው ዘመዶች በ1891 በከሊፋው ላይ ተነሥተው ተሸነፉ። በ1897ም ጀዐሊኖች እንደ ገና በዐባይ ዳሯ መተማ በማህሙድ አሕመድ ሠራዊት ታረዱ። ከደፍተርዳሩ ወዲህ ሰባ አምስት ዓመት ሳይሞላ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ክርክራችንን የሚያፈርስ ቢመስልም፥ በመልካም ቢመረመር የሚያጸናው ነው። ከሊፋ ዓብደላሂ ቱርክን አባረረ፤ የቱርክን ዘዴ ግን አላባረረም። የራሱን ወገን ተዓይሻን ከምዕራብ አምጥቶ በወንዝ ዳር ሰዎች ላይ ሾመ፤ እህልና መሬትም ሰጠ። የጀዐሊንን ሕዝብም ስለ አለቃው እምቢታ በጅምላ ቀጣ። መሬቱ፥ ሹመቱ፥ የጅምላ ቅጣቱ፥ ሦስቱም ነበሩ። በዚህም የምንረዳው ነገር የባዕድ አገዛዝ ከሚተወው ውርስ ሁሉ ክፉው ሕንጻውና ምሽጉ ሳይሆን፥ አንዱን በሌላው ላይ እየሾሙ የመግዛት ልማድ መሆኑን ነው። ሕንጻው ይፈርሳል፤ ልማዱን ግን አዲሱ ጌታ ይወርሰዋል።

መደምደሚያ

ስለ ቤከር መጽሐፍ ያለንን አሳብ እንዲህ ብለን እንጠቀልላለን። ስለ ወንዞቹ፥ ስለ አራዊቱና ስለ አገሩ አቀማመጥ የጻፈው የታመነ ነው። ስለ ቱርክ ግብር የጻፈው ድፍረት ያለው ነው። ስለ ነገዶቹ ጠብ የጻፈው ግን የአስተናጋጆቹ ወሬ ስለ ሆነ፥ ከቡርክሃርትና ከሰናሩ ዜና መዋዕል ጋራ ሳይመዘን ብቻውን መጠቀስ የለበትም። መጽሐፉ የታተመው እንግሊዞች በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ለመዝመት በተሰናዱበት ዓመት መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ይህን ጠረፍ ለማወቅ የፈለገው የእንግሊዝ አንባቢ በዚያ ሰዓት ያገኘው ሥዕል የቀማኞችን አገር ሥዕል ነበር።

በ1902 ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋራ ባደረጉት ውል መተማ ለኢትዮጵያ፥ ማዶዋ ገላባት ለሱዳን ሆኑ፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ጠባብ የውሃ መውረጃ ነው። በዚያው መውረጃ ላይ ከአፕሪል 2023 ጀምሮ፥ በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ከተነሣው ጦርነት የሸሹ ብዙ ሰዎች ተሻግረዋል። በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ከሰፈሩት መካከልም፥ የታጠቁ ሰዎች ስላጠቋቸው በ2024 መጠለያውን ትተው በጫካ የሰነበቱ ነበሩ። ከነሱ መካከል ጀዐሊኑም፥ ሻይጊያውም፥ የዳርፉሩም ሰው ሊኖር ይችላል። ስለ እነርሱ የሚጻፈውን ወደፊት የሚያነብ ተማሪ እኛ ቤከርን እንደ ጠየቅነው ይጠይቀናል። ከማን ሰማችሁ? ሰዎቹንስ ራሳቸውን ጠየቃችኋቸውን? ይለናል።

ስለዚህ ይህን መጽሔት ለሚያነብቡ ባልንጀሮቼ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ከመተማ፥ ከቋራና ከአርማጭሆ የመጡ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲመለሱ፥ ስለዚያ ዘመን ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችን፥ ተክሩሪውንም ጉሙዙንም ዐማራውንም ቅማንቱንም፥ እየጠየቁ ይጻፉ። ሽማግሌው በሞተ ቊጥር የሚቀረን የአዳኙ መጽሐፍ ብቻ ነውና።